ለጂኦሜትሪ የተገባ ሱባዔ

«ልተወው፣ አልተወው» ሲል የሚያረጅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም አንድ አግዳሚ ላይ አብሮኝ ተቀምጦ። ጣሊያን በወጣ ማግሥት፣ መቐለ ውስጥ ጂኦሜትሪ የምንማረው ሦስት ብቻ ነበርን። ትምህርቱ ራስ ያዞራል፤ ያለ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ መማር የለም። ወዳጄ ሐጎስ ጠዋት ጠዋት፣ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ልተወው ወይስ ልቀጥል?» ይለኛል። «ተወው» ስለው ያኮርፋል፤ «ቀጥል» ስለው እንባው ይመጣል። እስቲ ምን ልበለው? ሲሰለቸኝ፣ «የነፍስ አባትህን ጠይቃቸው» አልኩት።

እሳቸው ደግሞ ሱባዔ ግባ አሉት። ገባላችኋ! ሌላው ለኃጢአቱ በሚያለቅስበት ደጀ ሰላም፣ ሐጎስ በጥሬ ሽምብራና በውኃ ለሦስት ማዕዘን ሲሰግድ ሰነበተ።

መምህራችን በበኩላቸው፣ «ለሁለት ሰው አላስተምርም» ብለው ክፍሉን ዘጉት። የእኔም አዲስ አበባ እዚያው ቀረ።

ሐጎስ ሱባዔውን ጨርሶ፣ ከስቶ ግን ፊቱ በርቶ መጣ።

«ቀጥል ተብያለሁ!» አለኝ።

«ትምህርቱ እኮ ተዘግቷል» አልኩት።



«ታዲያ ሓወይ፣» አለኝ፣ «እስኪከፈት ልጠብቀው ወይስ ልተወው?»