የጋሼ ወንድሙ ጀልባ ውሃ የጠጣች ዕለት

እኛ ለሁሉ ነገር ምርቃት ያለን ሕዝቦች ነን። አዲስ ልብስ ለለበሰ «እለቅ በለው!» እንላለን፤ ለወለደች «እንኳን ማርያም ማረችሽ!»፤ ቤት ለገዛ «የደስታ ያድርግልህ!»፤ ላስነጠሰው እንኳ የምንወረውርለት አናጣም። እስቲ ልጠይቅዎ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ ጋሼ «የሸራ ጀልባ ያዝኩ» ቢሉዎ ምን ብለው ይመርቋቸዋል? እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ላይ የምንውል ሰዎች ይህን ስንሰማ ምርቃቱ ጠፋብን። ስለዚህ በምክር ተካነው።

ጋሼ ወንድሙ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የተወለዱት ደብረ ብርሃን ነው፤ በልጅነታቸው የሚያውቁት ውሃ ከላይ የሚወርደውን ብቻ ነው። ለብዙ ጊዜ ያመላልሷቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ደንበኛቸው ጉልበታቸው ሲደክም፣ ሎንግ ቢች ወደብ የቆመች የእንጨት ጀልባቸውን በስጦታ ሰጧቸው። የቆመች ስል ውሃ ላይ እንዳይመስልዎ። ጀልባ በሚጠገንበት ግቢ፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ በድጋፍ እንጨት ተይዛ ነው። ቀለሟ ተልጧል፣ ሳንቃዋ ተሰነጣጥቋል፣ እርግብ ጎጆ ሠርቶባታል። የግቢው ኃላፊ ደግሞ ቃሉ አጭር ነበር፤ ሰመር ሳያልቅ ከተንሳፈፈች ተንሳፈፈች፣ አለዚያ ተሰባብራ ትጣላለች።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ተባለ። ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች ከሁሉም ባሱ። «እኔና ያቺ ጣውላ አንድ ባል አንካፈልም!» ብለው ግቢውን ላይረግጡ ማሉ። እኔ ራሴ የሄድኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለመሳቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ዋና ይችላሉ?» አልኳቸው።

«ስማ፣ ጀልባ የተሠራው ዋና ለማይችል ሰው ነው!» አሉኝና ብርጭቆ ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

በዚያው ቀረሁ። ያንን የሞተ ግራጫ ቀለም ፈግፍጌ ፈግፍጌ ልሰለች ስል፣ ከሥሩ ቀይ ዳማ የሆነ እንጨት ብቅ አለ። ጮህኩ! እንደ ሕፃን ጮህኩ። ጋሼም እየሮጡ መጡና አብረን ጮህን። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ እስኪደርስ አላስችል አለኝ። የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጣን አዲስ ገጠምን፤ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ጥጥ እየጠቀጠቅን በስቱኮ ደፈንን፤ የሸራዋን ምሰሶ ቫርኒሽ ቀባነው። እጄ ተላጠ፣ ደስ አለኝ። ጋሼ ሥራ በሠራን ቁጥር የሚደጋግሙት አንድ ትምህርት ነበራቸው፤ «እንጨት ብዙ ዘመን ሲደርቅ ይኮማተራል። ውሃ ላይ ስናወርዳት መጀመሪያ ታስገባለች። ጠጥታ ስትጠግብ ግን እንጨቱ ያብጥና ክፍተቱ ሁሉ ይገጥማል።» «እሺ ጋሼ» እላለሁ። በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈስሰዋለሁ።

የምትወርድበት ቀን ደረሰ። ከግሌንዴልም፣ ከሃውቶርንም፣ ከፌርፋክስም ያልመጣ መካሪ አልነበረም። ክሬኑ በሰፊ ቀበቶ አንጠልጥሎ ቀስ አድርጎ አወረዳት። ውሃውን ስትነካ እልልታው ቀለጠ። እኔ እንባዬ መጣ።

ወዲያው ውሃውም መጣ። በየሳንቃው መካከል እየተንፎለፎለ ይገባል!

«ጋሼ፣ ውሃ!»

«ተዋት ትጠጣ! ጠምቷት ነው እኮ! ፓምፑን ቼክ አድርግ!»

የግቢው ሰዎች ለደህንነት ብለው እንግዳውን ሁሉ አስወጡና በሩን ዘጉ። ክሬኑ ቀበቶውን ስላልፈታ ልትሰጥም እንደማትችል የምናውቀው ውስጥ ያለነው ነን። እንግዳው መጨረሻ ያየው ጋሼን ነው፤ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ሲጮሁ። ኃላፊው ሰዓቱን አየና «እስኪመሽ ካላቆመ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ አበቃ» አለን። የጋሼ ስልክ ውሃው ውስጥ ወድቆ ነፍሱ ወጣች፤ የእኔን መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ። ደግሞስ ስልክ ማን አስታወሰ? በፓምፕ እንስባለን፣ በባልዲ እንቀዳለን፣ ይገባል። እንቀዳለን፣ ይገባል። ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ ግን ፓምፑ ድምፁን ለወጠ። አየር መሳብ ጀመረ። ጎንበስ ብዬ ሳንቃውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ገጥሟል! ቀበቶው ተፈታ፤ ጀልባችን ብቻዋን ቆመች። ጋሼ አቀፉኝ፤ ሁለታችንም ውሃ ውስጥ እንደወደቀች አይጥ ርሰን ስንዘል የግቢው ሰዎች አጨበጨቡልን።

እየዘፈንን ጋሼ ቤት ስንደርስ ፓርክ የምናደርግበት አጣን። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ሎንግ ቢች ላይ «ውሃ ገባባት» የተባለው፣ ሃውቶርን ሲደርስ «ሰመጠች» ሆኗል፤ ፌርፋክስ ሲገባ «ጋሼን ነፍስ ይማር» ተብሎ አልቋል። ቤቱ በለቀስተኛ፣ በረንዳው በምግብ ድስት ተሞልቷል። ሮጬ ልገባ ስል ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። ሲስቁባቸው ከከረሙት ሁሉ ዋነኛው፣ አቶ ጌትነት፣ በተከፈተው መስኮት ሲናገሩ ይሰማሉ።

«ባሕር የገባቸው ሰው ነበሩ! እኔ ገና ዱሮ ተናግሬአለሁ፤ ሶ፣ ይቺ ጀልባ ሂስትሪ ትሠራለች ብያለሁ!»

«እንግባ እንጂ ጋሼ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ቆይ፣ ይጨርስ» አሉኝ።

ሰው ካልሞተ ካልሄደ አይመሰገንም፤ እሳቸው ግን ሳይሞቱም ሳይሄዱም ምስጋናውን ጠገቡት። ፊታቸው ሁሉ ጥርስ ሆነ። ቀጥሎ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፤ «አልቅሺ እንጂ አሰለፈች፣ ይውጣልሽ፤ እንዲህ ዝም ማለት ደግ አይደለም።»

«ለምን አለቅሳለሁ?» አሉ እትዬ። «ውሃ እንደምታስገባ ነግሮኛል። ጠጥታ ስትጠግብ ይመጣል። አሁን መንገድ ልቀቂልኝ፣ እራቱ እንዳያርብኝ።»

የጋሼ ሳቅ ቀጥ አለ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እኔም አፈርኩ። አብሬ ስሠራ ያልሰማሁትን፣ እትዬ ሲጣሉ ሰምተውታል።

ገባን። የተነሣውን ጩኸት ለእርስዎ እተወዋለሁ። አቶ ጌትነት ከሶፋው ኋላ ተደብቀው ተገኙ። እትዬ አሰለፈች ብቻ ጭልፋቸውን እንደያዙ ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩአቸው።

«ጠገበች?»

«ጠገበች።»

«በል ሱሪህን ቀይር፤ ሰው መጥቷል።»