ግሊሰሪንና የጎረቤቴ ፊት

እኔ የምለው፣ የአንዳንድ ሰው ፊት ግን ለምንድን ነው እንዲህ የሚያበራው? ሁላችንም የምንጠጣው ያንኑ ውሃ፣ የምንጋፋው ያንኑ ታክሲ፣ የምንውጠው ያንኑ የእንጦጦ ንፋስ ነው። ታዲያ አንዷ ጠዋት ዘይት የጠጣ ፊት ይዛ ወደ ሥራ ትመጣለች፤ ሌላዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

ወይንሸትን ላስተዋውቃችሁ። ሽሮ ሜዳ ያለው የነጠላና የጋቢ ሱቄ ከእሷ ሱቅ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል። ምሳ አንድ ቀን እሷ ታመጣለች፣ አንድ ቀን እኔ፤ ከአንድ ምሳ ዕቃ እንበላለን። አንዳችን ስንወጣ ሌላችን ሁለቱንም ሱቅ እናያለን። እህት የለኝም፤ ካለችኝም እሷ ነች። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የምነግራችሁ ያሳፍራል።

ቀናሁባት። በቃ፣ እውነቱ ይኸው ነው።

በእኛ ሥራ ገዢ ነጠላው ተሰቅሎ ስላየው አይጠግብም። "እስቲ ጣል አድርጊውና ልየው" ይላል። ጣል ስናደርገው ደግሞ ከነጠላው በፊት የሚታየው ፊታችን ነው። የሁለታችንንም ነጠላ የሚሠሩልን አንድ ሸማኔ ናቸው፤ ጋሽ አንጁሎ። አንድ እጅ፣ አንድ ክር፣ አንድ ጥለት። ያንን ነጠላ ወይንሸት ስትለብሰው ሠርግ የምትሄድ ትመስላለች። እኔ ስለብሰው ከለቅሶ የተመለስኩ እመስላለሁ። አንድ ቀን ጋሽ አንጁሎ ራሳቸው እሷ በር ላይ ቆም ብለው የለበሰችውን እያዩ፣ ይህን የመሰለ ነጠላ ማን ነው የሠራልሽ ብለው ጠየቋት። የራሳቸው ሥራ እኮ ነው። ከዚያ በኋላ እንዴት አልቅና?

ምን ተቀብተሽ ነው አልኳት። "ምን እቀባለሁ ብለሽ ነው አስካለ፣ እንዲሁ ነኝ" አለችኝ። እንዲሁ ነኝ የሚል ሰው አያናድዳችሁም? በማግስቱ ዝርዝር ብር ፍለጋ ወጥታ ሱቋን ስጠብቅላት፣ በታጠፉት ጋቢዎች መሀል አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አየሁ። አልሰለልኩም፤ ዓይኔ አረፈባት፣ እጄ ደግሞ ዓይኔን ተከተለ። ግሊሰሪን ይላል።

ያን ቀን ሆዴን አሞኛል ብዬ ምሳ አብሬያት አልበላሁም። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም እንደዚያው። አትበላኝ አትጠጣኝ ነገር፣ እየራበኝ እሷን መሸሽ ጀመርኩ። በምሳ ሰዓት ታክሲ ይዤ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ሄድኩ፤ እዚያ ፋርማሲ ሞልቷል፣ የሚያውቀኝም የለም።

ፋርማሲ ውስጥ ያገኘኋት ልጅ ትዕግሥተኛ ነበረች። ከመደርደሪያው አንድ ውድ ክሬም አንስታ ጀርባውን አነበበችልኝ። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ግሊሰሪን። ያ ሁሉ ወርቃማ ክዳን ለዚህ ነው እንግዲህ። ግሊሰሪን ውሃ ስቦ ቆዳ ላይ ያቆያል አለችኝ። ግን በውሃ ቀላቅዪው፣ ፊትሽ እርጥብ ሳለ ተቀቢው፤ በዚህ በጥር ደረቅ አየር ብቻውን ከተቀባሽው ውሃውን የሚስበው ከራስሽ ቆዳ ነው አለች።

ሰማኋት። ቅናት የያዘው ሰው ግን የሚሰማው ግማሹን ነው። እኔ በልቤ ያሰላሁት ሌላ ነው። ወይንሸት በውሃ አቅጥና እዚያ ከደረሰች፣ እኔ ሳላቀጥን የት ልደርስ ነው?

ቅዳሜ ጠዋት የገዛሁትን ግሊሰሪን እንዳለ ፊቴ ላይ ለደፍኩት። መስታወት ሳይ አበራለሁ። እውነቴን ነው፣ አበራለሁ። ወይንሸት ልትስመኝ ስትመጣ ጉንጬን ሸሸግኩ፣ እንዳትነካብኝ።

ወዲያው አንዲት ሙሽራ ከአክስቷ ጋር መጣች። የቤተሰቡን ልብስ በሙሉ ሊገዙ ነው። የወይንሸት ሱቅ በር ላይ ትንሽ አመነቱና እኔ ጋ ገቡ። ልቤ ጮቤ ረገጠ። መጀመሪያ ለሙሽራዋ አባት ጋቢ ፈለጉ። አክስትየው "ወንድሜ ብርድ አይችልም፣ እስቲ ልበሽውና ልየው" አሉኝ። እኔም እስከ አፍንጫዬ ጥቅልል አልኩበት። አዲስ ጋቢ ጥጡን ያራግፋል፤ ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ዝቅ አድርጌው ፈገግ ስል ሙሽራዋ አፏን ያዘች። አክስትየው ቀስ ብለው "የኔ እመቤት፣ ጺም አወጣሽ እኮ" አሉኝ።

መስታወት አየሁ። ከጆሮ እስከ ጆሮ ግሊሰሪኑ ላይ የተጣበቀ ነጭ ጥጥ። ልጠርገው ስል ወደ ግንባሬ ወጣ። ሰዎቹ ይቅርታ እየጠየቁ ሳቁ፣ እየሳቁ ወጥተው ወይንሸት ጋ ገቡ።

ወይንሸት ግን አንዴ ታገሱኝ ብላቸው በጠርሙስ ውሃ ይዛ መጣች። አስቀመጠችኝና በእርጥብ ጨርቅ ፊቴን ትጠርግልኝ ጀመር። "ግሊሰሪን ብቻውን ነው የተቀባሽው አይደል?" አለችኝ።

"አንቺ እንዲሁ ነኝ አላልሽኝም?" አልኳት።

"አፍሬ ነው" አለች። "አንቺ ጋ የገባ ሰው ሳይስቅ አይወጣም። ባይገዛ እንኳ ለወሬሽ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ከገዢ ጋር ሁለት ቃል ሳወራ ምላሴ ይተሳሰራል። ሱቅ የከፈትን ሰሞን ነው መቀባት የጀመርኩት፤ በአፌ ካልሆነልኝ በፊቴ ይሁንልኝ ብዬ። ስቀናብሽ ነው የኖርኩት፣ አስካለ።"

አቀፍኳት። ምን እላለሁ? ሙሽራዋና አክስቷ ሁሉንም ከእሷ ገዙ፤ እኛ ደግሞ ከስንት ቀን በኋላ ምሳ አብረን በላን።

ቅናቴ እዚያው ለቀቀኝ ልላችሁ ፈልጌ ነበር። ግን እየጎረስኩ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። እኔ አንድ ሳምንት ብቀና ምሳ አቋረጥኩ፣ ጳውሎስ ድረስ ሄድኩ፣ ጺም አወጣሁ። እሷ ስምንት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ሆና፣ እያጎረሰችኝ፣ ሱቄን እየጠበቀችልኝ ስትቀና አንድም ቀን አልነቃሁባትም። በቅናትም በለጠችኝ ማለት ነው።