ኧረ ተው የሚል የጠፋበት ስብሰባ

(ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ። አርባ የማይሞሉ ልጆች የሚማሩባት አንዲት ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ትምህርት ቤት። ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ወላጆች የጸደይ በዓላቸውን ለማዘጋጀት የሚሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ወንበሮች ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። የሶሊያና አባት ሳህሉ እና የአፓርታማ ጎረቤቱ ሐብተማርያም በሩ ላይ ቆመው ይከራከራሉ።)

ሐብተማርያም፦ እኔ ኋላ አልቀመጥም አልኩህ! ፊት ወንበር አሳየኝ።

ሳህሉ፦ ሐብቴ፣ ወንበሩ እኮ ክብ ነው።

ሐብተማርያም፦ ክብ ቢሆንስ? ክብ ፊት የለውም?

ሳህሉ፦ (ክፍሉን ዞሮ ዞሮ አይቶ) እኔ እስካሁን አላገኘሁትም።

ሐብተማርያም፦ ሃያ ሁለት ዓመት ሚኒሶታ ስኖር ፊት የሌለው ስብሰባ አይቼ አላውቅም። ያውልህ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ነው ፊቱ።

ሳህሉ፦ እዚያ ከተቀመጥን ፀሐይዋ ዓይናችንን ታጠፋዋለች።

ሐብተማርያም፦ ትልቅ ሰው ፀሐይ አይፈራም። ተቀመጥ!

(ይቀመጣሉ። ሁለቱም ዓይናቸውን ያጨናብሳሉ። ሰዎች አንድ በአንድ እየገቡ ነው።)

ሐብተማርያም፦ ያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ምንድን ነው?

ሳህሉ፦ የሚመጡት ቀኖች ናቸው። ቅዳሜ የችግኝ ልውውጥ አለ። ሰኞ አያቶች ከልጆቹ ጋር ምሳ ይበላሉ። ከታች ያለው የኛ ጉዳይ ነው፣ የጸደይ በዓሉ።

ሐብተማርያም፦ ዳይሬክተሩ የትኛው ነው? ቀድሜ ልተዋወቀው።

ሳህሉ፦ ሴት ናት። ጄን ትባላለች።

ሐብተማርያም፦ ሚስስ ማን?

ሳህሉ፦ ጄን ብቻ። ልጆቹም ጄን ነው የሚሏት። እዚህ ሚስስ፣ ዶክተር፣ ምናምን የለም።

ሐብተማርያም፦ ኧረ በሕግ አምላክ! የስምንት ዓመት ልጅህ ዳይሬክተሯን በስሟ ትጠራለች?

ሳህሉ፦ እሱ ምን አላት። እኔ ስቆጣት እኮ «ዳዲ፣ ሌትስ ሲት ኢን ሳይለንስ»፣ ዝም ብለን እንቀመጥ ትለኛለች።

ሐብተማርያም፦ አንተስ ምን ታደርጋለህ?

ሳህሉ፦ እቀመጣለሁ። ዉድበሪ ካለው ሥራዬ ናይት ሺፍት አድሬ ስመጣ ያልተኛሁ ስለሆነ፣ እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ ይላል።

ሐብተማርያም፦ አንተ ሰውዬ፣ እኔ ባልኖር ምን ይውጥህ ነበር? በል ጉዳዩን በአጭሩ ድገምልኝ።

ሳህሉ፦ በዓሉ ዓርብ ተብሎ ነበር። ዓርቡ ደግሞ ስቅለት ሆኖ ተገኘ።

ሐብተማርያም፦ የኛ ስቅለት።

ሳህሉ፦ የኛ። የነሱ ፋሲካማ ካለፈ ወር ሆነው፤ ከየት ያውቃሉ? ሶሊያና ደግሞ የበዓሉ ድራማ ላይ ሉን ናት።

ሐብተማርያም፦ ምንድን ናት?

ሳህሉ፦ ሉን። ሐይቅ ላይ የምትጮኸዋ የሚኒሶታ ወፍ። ሁለት ወር ሙሉ ጩኸቱን ስትለማመድ ከረመች።

ሐብተማርያም፦ እሷ ናት እንዴ! እኔ እኮ ሂተሩ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሜንተናንስ ጠርቻለሁ!

ሳህሉ፦ እና እናቷ ቤዛዊት «ልጄ በስቅለት አትጨፍርም፣ ሞቼ ነው ቆሜ» አለች። እውነቷን ነው፣ ምን እላታለሁ? ልጅቷ ደግሞ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የካርቶን ክንፏን አቅፋ ነው የምትተኛው። እናትም ታለቅሳለች፣ ልጅም ታለቅሳለች። ሐብቴ፣ አንጀቴ ተቃጠለ። ዛሬ ቀኑ ካልተዛወረ ምን ብዬ ቤት እገባለሁ?

ሐብተማርያም፦ ቀላል ነው። ቮት እናስደርጋለን። ኤርፖርት አብሮኝ የሚሠራው ኤርሚ ሦስት ሾፌሮች ይዞ እየመጣ ነው። እጃችሁን ስል ያወጣሉ።

ሳህሉ፦ እዚህ ቮት አይደረግም።

ሐብተማርያም፦ አሜሪካ ውስጥ?

ሳህሉ፦ እዚህ ቤት። ሁሉም ሰው እስኪስማማ ነው የሚጠበቀው። አንድ ሰው እንኳ ካልሆነለት ነገሩ ይቆማል። ደግሞ ልነግርህ የፈለግኩት፣ እኔ በዚህ ወር...

ሐብተማርያም፦ ሳህሉ፣ ዝም በል። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ራስህን ትነቀንቃለህ። በቃ።

(አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተከትለው ጸጥ ይላሉ። አንድ ደቂቃ ያልፋል። ሁለት ደቂቃ።)

ሐብተማርያም፦ (በሹክሹክታ) ሳህሉ።

ሳህሉ፦ እ።

ሐብተማርያም፦ ማን ሞተ?

ሳህሉ፦ ማንም አልሞተም።

ሐብተማርያም፦ ሃያ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ አንድም የሚተነፍስ ሳይኖር፣ ማንም አልሞተም ትለኛለህ? ለቅሶ አላውቅም እኔ?

ሳህሉ፦ ኩዌከሮች እንዲህ ነው የሚጸልዩት፣ ዝም ብለው። ስብሰባም ሲጀምሩ መጀመሪያ ዝም ይላሉ።

ሐብተማርያም፦ ደብቀውህ ነው። ፈረንጅ ሐዘኑን አያወጣም። (ከጎኑ ወዳለው ጺማም ሰውዬ ዘንበል ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ) አይ አም ቬሪ ሶሪ።

(ጺማሙ ሰውዬ እንባ ያቀራል። የሐብተማርያምን ትከሻ ቸብ ቸብ ያደርጋል።)

ሐብተማርያም፦ አላልኩህም? ይኸው አለቀሰ!

ሳህሉ፦ እሱ ሁሌም እንደዚያ ነው። ባለፈው የቲማቲም ችግኝ ሲሰጠኝም አልቅሷል።

ሐብተማርያም፦ ባዶ እጄን ለቅሶ ቤት! ንፍሮ እንኳ ሳንይዝ! ምን ይሉናል?

ሳህሉ፦ ምንም አይሉም፣ ዝም ብለዋል። ሐብቴ፣ አንዴ ስማኝ፣ እኔ እዚህ ስብሰባ ላይ...

ሐብተማርያም፦ ዝም በል፣ ሐዘን ላይ አይወራም! (ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ያነብባል።) ወይኔ! ኤርሚ ነው።

ሳህሉ፦ ደረሱ?

ሐብተማርያም፦ ደርሰው በመስኮት አዩን። ለቅሶ መሆኑን ሲያዩ ጥቁር ሊለብሱ ወደ ቤት ተመለሱ።

ሳህሉ፦ አራቱም?

ሐብተማርያም፦ አራቱም። ጨዋዎች ናቸው፤ እኔ ነኝ ባለጌው፣ በቀይ ሹራብ የተገተርኩት።

(አሮጊቷ ይነሳሉ። ቀስ ብለው በእንግሊዝኛ ይናገራሉ። ይቀመጣሉ። እንደገና ጸጥታ።)

ሐብተማርያም፦ ድምፃቸው አልተሰማኝም። ማን ነው አሉ ሟቹ?

ሳህሉ፦ ስለ በዓሉ ሥራ ነው ያወሩት። ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚያመላልስ ሰው ገና አልተገኘም አሉ። ልጆቹ እንዲዳብሷቸው የሚመጡትን ፍየሎች በረትም የሚያጸዳ የለም። እሳቸው ዘንድሮ ወገባቸውን አሟቸዋል።

ሐብተማርያም፦ እና ማንም አይመልስላቸውም?

ሳህሉ፦ እያሰቡበት ነው። አንድ ሰው ሲናገር፣ ቃሉ እንዲገባ ትንሽ ዝም ይባላል።

ሐብተማርያም፦ ናቋቸው በለኝ! እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ ተነስተው ለምነው፣ አንድ ሰው «እሺ እማማ» አይልም? ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት! እኔ ልነሳ ነው።

ሳህሉ፦ ሐብቴ፣ ከልብህ ያልሆነ ነገር እንዳትናገር። እዚህ ቤት፣ እኔ ራሴ የ...

ሐብተማርያም፦ ዝም በልና ተማር። መጀመሪያ «ሁሉንም እኔ እሠራለሁ» እላለሁ። እነሱ «ኧረ ተው፣ እንግዳ ሆነህ!» ይላሉ። እኔ «ሞቼ እገኛለሁ!» እላለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንገፋፋለን። በመጨረሻ «እንግዲያው አንተስ ምን እናድርግልህ?» ይላሉ። ያኔ ቀኑን አነሳለሁ። ፖለቲካ ማለት ይኼ ነው!

(ይነሳል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። በእንግሊዝኛ፣ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል።)

ሐብተማርያም፦ ሌዲስ ኤንድ ጀንትልመን! የዚህ ትምህርት ቤት ፍቅር አንጀቴን በልቶታል። ድንኳኑን እኔ እተክለዋለሁ! ወንበሩን በራሴ ቫን አመላልሳለሁ! የፍየሎቹን በረት ለብቻዬ፣ በነዚህ እጆቼ አጸዳለሁ! ማንም እንዳይረዳኝ! እማማ፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ!

(ይቀመጣል። ጸጥታ።)

ሐብተማርያም፦ አሁን ጠብቅ። «ኧረ ተው» ሊመጣ ነው።

ሳህሉ፦ አይመጣም።

ሐብተማርያም፦ ይመጣል። ማን ቀድሞ ይበል እየተባባሉ ነው።

(ጸጥታ። አሮጊቷ ፈገግ ብለው እግራቸውን ዘርግተው ይደላደላሉ።)

ሐብተማርያም፦ ሳህሉ፣ ሴትዮዋ ተደላደሉ።

ሳህሉ፦ ቁጭ ይበሉ አልካቸው እኮ።

ሐብተማርያም፦ ያቺ ልጅ ምን እየጻፈች ነው?

ሳህሉ፦ ቃለ ጉባኤ ያዥ ናት። ስምህን ነው። ረጅም ስለሆነ ገና አልጨረሰችም።

ሐብተማርያም፦ ለምን ትጽፈዋለች? አንድ ጊዜ ነው እኮ ያልኩት! ሰው አንድ ጊዜ ስላለ ይጻፋል?

ሳህሉ፦ እነሱ አንድ ጊዜ ነው የሚሉት። እሺ ካሉ እሺ ነው፣ አይሆንም ካሉ አይሆንም። መሐላ እንኳ አይምሉም። አምና ልጅቷን ሳስመዘግብ «ሻይ ትጠጣለህ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ በይሉኝታ «አይ፣ ደህና ነኝ» አልኩ።

ሐብተማርያም፦ እና?

ሳህሉ፦ ይኸው እስከ ዛሬ ደህና ነኝ።

ሐብተማርያም፦ እግዚኦ! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! ሰው አይግደረደር እዚህ አገር?

ሳህሉ፦ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ሐብቴ።

ሐብተማርያም፦ ተረት አታምጣብኝ! ወገቤ እኮ ዲስክ አለበት! ቀኑ መቼ ነው ያልከኝ? ዓርብ... ዓርብ... (ብድግ ይላል) ስቅለት! ስቅለት አይደል እንዴ! ተገላገልኩ!

(ሁሉም ቀና ብለው ያዩታል። እንደገና በእንግሊዝኛ ይናገራል።)

ሐብተማርያም፦ ሶሪ! ሶሪ! ለካ የዚያን ቀን አልችልም! ለኛ ስቅለት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሳንበላ ሳንጠጣ ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ነው የምንውለው። መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ! ከዚያ በኋላ ጉልበቴ እንኳን ፍየል፣ እኔንም አይሸከም! (ሳህሉን እየጠቆመ) ኧረ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ የዚህ ሰውዬ ልጅም አትመጣም! ሁለት ወር ሙሉ እንደ ወፍ ስትጮህ ከርማ፣ ክንፏን አቅፋ ስታለቅስ ነው የምታድረው! እናቷ ታለቅሳለች! እሱም ይኸው፣ ዝም ብሎ ነው እንጂ ውስጡ አሯል! ስለዚህ እባካችሁ፣ ስሜን ሰርዙት!

(ይቀመጣል። ረጅም ጸጥታ። ጺማሙ ሰውዬ በግልጽ ያለቅሳል። አንዱ ተነስቶ በለሆሳስ አጭር ነገር ተናግሮ ይቀመጣል። ቀጥሎ አንዲት ሴት። አሮጊቷ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።)

ሐብተማርያም፦ ምን አሉ? ሰረዙኝ?

ሳህሉ፦ የመጀመሪያው «ሳናውቅ ቀርተን፣ አፈርኩ» አለ። ሴትዮዋ ደግሞ «አንዲት ልጃችን ቤት ቁጭ ብላ የምታለቅስበት በዓል፣ በዓል አይባልም» አለች።

ሐብተማርያም፦ ጥሩ ብላለች። ስለኔስ?

ሳህሉ፦ ቆይ።

(ሳህሉ ይነሳል። በእንግሊዝኛ፣ በዝግታ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ሐብተማርያም ስሙ ይሰረዝ እንደሆነ ወረቀቱን ሲያይ አልሰማውም። ሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቃለ ጉባኤ ያዧ ትጽፋለች። ሳህሉ ይቀመጥና ለሐብተማርያም እጁን ይዘረጋል።)

ሐብተማርያም፦ ምነው? ልትሄድ ነው?

ሳህሉ፦ ጨብጠኝ።

(ይጨባበጣሉ። ወዲያው ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አጠገቡ ካለው ጋር ይጨባበጣል። ወሬና ሳቅ ይጀመራል።)

ሐብተማርያም፦ ይኼ ሁሉ ሰው አንተ ስለጨበጥከኝ ነው የተጨባበጠው?

ሳህሉ፦ ሰብሳቢው ጎረቤቱን ከጨበጠ ስብሰባው አለቀ ማለት ነው።

ሐብተማርያም፦ ሰብሳቢው ማነው?

ሳህሉ፦ በዚህ ወር ተራው የኔ ነው። ሦስት ጊዜ ልነግርህ ስጀምር፣ ሦስቴም ዝም በል አልከኝ።

ሐብተማርያም፦ ሰብሳቢ ሆነህ ነው የልጅህን ጉዳይ አንተው ያላነሳኸው?

ሳህሉ፦ ሰብሳቢ የሰው ይሰማል እንጂ የራሱን ቤት ጉዳይ ይዞ አይነሳም። ያሳፍራል። አንድ ሳምንት ሙሉ አሰብኩ። ሳይጠይቁት የሚናገር ማን አውቃለሁ ስል፣ በግድግዳው በኩል ድምፅህ ተሰማኝ።

ሐብተማርያም፦ ሳይጠይቁት! እሺ ይሁን፣ ይሁን። እና ቀኑ ተዛወረ?

ሳህሉ፦ አዎ፣ አሁን ተነስቼ ያልኩት እሱን ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ወዳለው ዓርብ።

ሐብተማርያም፦ ሶሊያና ትጮሃለች?

ሳህሉ፦ ትጮሃለች! እግዜር ይስጥህ ሐብቴ፣ ውለታህን አልረሳውም።

ሐብተማርያም፦ እሰይ! እሰይ! ይኼ ነው ልምድ! ያዛወርኩት እኔ ነኝ እኮ!

ሳህሉ፦ አንተ ነህ። ቃለ ጉባኤው ላይም እንደዚያ ነው የተጻፈው። «ልጃችን ሶሊያና እንድትገኝ፣ ወዳጃችን ሐብተማርያምም ድንኳኑን፣ ወንበሩንና በረቱን ለብቻው እንዲሠራ እንዲመቸው፣ ቀኑ ተዛውሯል።»

ሐብተማርያም፦ ምን አልክ?

ሳህሉ፦ «ማንም እንዳይረዳኝ» ያልከውም ገብቷል።

ሐብተማርያም፦ ስንት ፍየል ነው?

ሳህሉ፦ ዘጠኝ። ሁለቱ እርጉዝ ናቸው።

ሐብተማርያም፦ ቆይ፣ ቆይ! የዚያን ዓርብ እኔ ኤርፖርት... (ወደ ሰዎቹ ዞሮ እጁን ያነሳል) ኤክስኪዩዝ ሚ! ኤቭሪባዲ!

ሳህሉ፦ (የሐብተማርያምን አፍ በመዳፉ ይከድናል) ዝም በል! በናትህ ዝም በል! አልችልም ካልካቸው አንተን እስኪመችህ ድረስ ያዛውሩታል፤ በረቱን በረዶ ላይ ነው የምታጸዳው!