ጠመኔ የበዛበት በር

ሳያመነታ የሚሠራ ሰው ደስ አይላችሁም? እኔን ደስ ይለኛል። እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ ትራክተር ሲበላሽ ቆሞ የሚያስበውን መካኒክ ትተን፣ ወዲያው ብሎን መፍታት የሚጀምረውን ነው የምናደንቀው። መልሶ ሲገጥም ብሎን ቢተርፈው እንኳ «እጁ ፈጣን ነው» እንላለን።

የልጄን የሰላምን የቀድሞ የሒሳብ መምህርም የወደድኩት ለዚሁ ነበር። የተማረው ስፖርት ነው፤ የሒሳብ አስተማሪ ሲጠፋ ደርበው ሰጡት። ምን ያድርግ? ሕጉን እየጮኸ ይነግራቸዋል፣ እነሱም እየጮኹ ይደግሙታል። ሰላም ግን ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ «እማ፣ ሒሳብ አይገባኝም። ከምወድቅ ሰሊጥ አጨዳ ልሂድ» አለችኝ። እኔው እንዳላስጠናት ከሦስተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ።

ዘንድሮ ሒሳብ የተማረች መምህርት ከጎጃም መጣች፤ እኛው ግቢ ቤት ተከራየች። ተመስገን አልኩ። ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? ጠመኔ ይዛ የቆርቆሮ በሯ ላይ ሒሳብ ትሠራለች። ትጽፋለች፣ ትሳሳታለች፣ በእጅጌዋ ታጠፋለች። ያውም የሰላምን ትምህርት! አለቀልን፣ ይቺ ደግሞ ከልጄ ጋር ልትማር ነው የመጣች።

ቢጨንቀኝ ጠየቅኋት። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... እርስዎም ገና እየተማሩት ነው?»

ሳቀች። «የሰላም እናት፣ መልሱንማ አውቀዋለሁ። የማጠናው ልጆቹ የት ላይ እንደሚሳሳቱ ነው። ቀድሜ እኔ ልሳሳትላቸው ብዬ ነው።»

አልገባኝም። በማግስቱ ሀብሃብ ስቆርጥ ሰላም እየሳቀች መጣች።

«እማ፣ ግማሽ ሀብሃብ ላይ ሲሶ ሲጨመር ሁለት አምስተኛ አልኩ፤ ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሬ። ቲቸር አልተቆጣችም። ‹ሁለት አምስተኛ እኮ ከግማሽ ያንሳል፤ ሀብሃቡ ላይ ጨምረሽበት እንዴት አነሰ?› አለችኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ!»

ያቺን ሁለት አምስተኛ ትናንት በሩ ላይ አይቻት ነበር።

«ሰሊጥ አጨዳውስ?» አልኳት።

«ማን? እኔ?» ብላኝ ሀብሃቧን ይዛ ሄደች።

አሁን አከራያችን «በሬን አበላሸችው» ብለው ሲያጉረመርሙ ጠበቃዋ እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት በሩን በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ፣ ለከሰዓቱ እንዲደርስላት። ውለታዋን የምመልስበት ሌላ ምን አለኝ? ጭንቀቴ የለቀቀኝ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፤ ቦታ ነው የቀየረ። ባለፈው በሩ እንደ ጸዳ ሊመሽ ሆነ። አላስችል ብሎኝ ሄጄ አንኳኳሁ።

«ቲቸር፣ ምነው፣ አመመዎት?»

«ኧረ የሰላም እናት፣ ነገ እኮ ቅዳሜ ነው!»