ምስማር የማያውቅ ቤት

ሰው ቤት ሲሠራ ስለ መፍረሱ አያወራም፤ በሠርግ ላይ የፍቺ ወሬ እንደማይነሣው ሁሉ። እኛ ወሎዎች ደግሞ በሰፈራ ወደ ጋምቤላ ስንመጣ ቤታችንን እንደቆመ ትተነው ነው የመጣነው፤ ቤት አይጫንማ! ይጫናል ብሎ ያሳየኝ አማቼ ኦጁሉ ነው።

ኦጁሉ አኙዋክ ነው፣ አናጢ። ልጄን ሰናይትን ሲያገባ ባሮ ዳር የእንጨት ቤት ሠራላት፤ አንድ ምስማር ሳይመታ። ምሰሶና ወራጁ የሚያያዙት በቀዳዳ በሚገባ የእንጨት ችንካር ነው፤ ጣውላው ሁሉ ቦታው እንዳይጠፋበት በቢላ ጫር ጫር ተደርጎበታል። እኔ እጄን በአፌ ጫንኩ። ባለቤቴ ግን፣ "ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ነው!" ብሎ እንቅልፍ አጣ።

ከዚያ ጋምቤላ ክልል ሆነች ተባለ። ክልል መንገድ ይወዳል። ቀያሾች መጥተው ገመዳቸውን በልጄ ቤት መሀል ዘረጉና፣ "ክረምት ሳይገባ አንሡ" አሉ። ሰናይት መውለጃዋ ደርሷል፤ የት ትውለድ? ጎረቤቶቿ በምስማር የተመታ ቤታቸውን ሲያፈርሱ ጣውላው እየተሰነጠቀ ማገዶ ሆኖ ቀረ። ኦጁሉ ግን ችንካሩን ከጀርባ ኳ፣ ኳ ሲያደርገው ወጣ። የሣር ክዳኑንማ የቸርች ጓደኞቹ እየዘመሩ እንዳለ ተሸከሙት። እናንተዬ፣ ጣራ በእግሩ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የበሩ ጣውላ ብቻ እምቢ አለ። ኦጁሉ ጎንበስ ብሎ አየና፣

"አባባ፣ ይሄን ምስማር ማን መታው?"

ባለቤቴ ወደ ወንዙ ማየት ጀመረ።

"እንድትጸና ብዬ ነው።"

"በሯ?"

"ልጄ!"

ሰናይት ሆዷን ይዛ ስትስቅ፣ ምጡ መጣ ብለን ደነገጥን።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ዝናቡ ሲወርድ ቤቱ አዲሱ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር። የልጅ ልጄም አንዲት ጠብታ ሳትነካው እዚያው ተወለደ። ባለቤቴ ሕፃኑን ታቅፎ ጣራ ጣራውን ሲያይ ቆየና፣ "ኦጁሉ ልጄ፣ ለእኛም እንዲህ ያለ ሥራልን" አለ።

አብረውን የመጡት ብዙዎቹ ያኔ ወደ ወሎ እየተመለሱ ነበርና ደነገጥኩ።

"የት ልትሄድ ነው?"

"የትም። ግን መቅረቴ በፈቃዴ ይሁን።"

ሠራልን። ይኸው፣ የትም አልሄድን። ክረምት በወጣ ቁጥር ግን ባለቤቴ አንዷን ችንካር ነቅሎ ያገላብጣታል።

"እሺ፣ እንዴት ናት?" እለዋለሁ።

"ትወጣለች" ይለኛል ደስ ብሎት፤ መልሶም ይሰካታል።