የሰፈራችንን አፕ ባወጣሁ ማግስት ሰላምታ ተከለከልኩ

ጎበዝ፣ ዛሬ በገዛ ሰፈሬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰላምታ ተከለከልኩ!

እኔ! አስኮ ተወልጄ አስኮ ያደግኩት! ከቤቴ እስከ ፌርማታው «እንዴት አደሩ» ስል አንገቴ የሚዝለው ልጅ!

ቆይ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የሰፈራችን ሰው የሚወያይበት ዌብሳይት አለ። የሠራሁት እኔ ነኝ። ውሃ በየትኛው ቀን ይመጣል፣ ኮብልስቶኑን ማን አፈረሰው፣ የዕድሩን ድንኳን ማን ቀደደው፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው የሚጨቃጨቀው። ችግሩ፣ ዌብሳይቱ ላይ የሚገባው ወጣቱ ብቻ ነበር። ትልልቆቹን «ብሮውዘር ክፈቱ» ስትሏቸው «እሱን ተወውና በአፍህ ንገረኝ» ይሏችኋል።

ስለዚህ አፕ ሠራሁ።

አፕ አውጥቶ የሚያውቅ ስቃዩን ያውቀዋል። ከአፕ ስቶር ሁለት ጊዜ ተመለሰብኝ! አንዴ ምስሉ ደብዝዟል ተብሎ፣ አንዴ ደግሞ የተጠቃሚዎቹን ምስጢር እንዴት እንደምጠብቅ ስላልጻፍኩ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «የማንም ሰው የግል ጉዳይ በዚህ አፕ አደባባይ አይወጣም» ብዬ፣ በገዛ እጄ፣ በጥሩ አማርኛ።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ትናንት አርብ ከሰዓት ተፈቀደልኝ። ትልልቆቹ መመዝገብ እንዳይከብዳቸው ብዬ የሰፈሩን ሰው በሙሉ ከስልኬ ኮንታክት ላይ አስቀድሜ ጭኜላቸዋለሁ። ዳውንሎድ አድርገው ቁጥራቸውን ሲያስገቡ ስማቸው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ይሄን ሳስብ ራሴን ምን ያህል እንዳደነቅኩት! ስም መቀየሪያውን ግን ለሚቀጥለው አፕዴት ብዬ ትቼዋለሁ። ስሙን የሚቀይር ማን አለ ብዬ ነዋ!

እንደዚያ የቸኮልኩበት ምክንያት አለኝ። ነገ እሁድ ሽማግሌ የምልክበት ቀን ነው።

ህይወትን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ የማታውቋት ደግሞ ሦስት ዓመት የታገሠችኝ ልጅ ናት በቃ። ቤታቸው ከእኛ ሁለት መታጠፊያ ላይ ነው። አባቷ ጋሽ ደምሴ የሰፈር ልጅነቴን ያውቃሉ። የልጃቸውን ነገር ግን፣ በደንቡ፣ ሽማግሌ ገብቶ እስኪነግራቸው ድረስ አያውቁም። ሰፈሩም አያውቅም። ከሽማግሌዎቹ በቀር ማንም አያውቅም!

እና ሽማግሌዎቹ ከመግባታቸው በፊት ጋሽ ደምሴ አፑን አይተው «ይሄ ልጅ ቁም ነገር ይሠራል ለካ» እንዲሉልኝ ፈለግሁ። አያችሁ ሐሳቡን? አያምርም?

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ግማሽ ሰፈር አፑ ውስጥ ገብቷል። ጋሽ ደምሴ ሳይቀሩ! «ውሃ ከመጣ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ የሚመለከተው አካል የት ነው ያለው?» ብለው ጽፈዋል። ስማቸው ከላይ፣ ጽሑፋቸው ከሥር፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። አንድም እንግዳ ነገር አልታየኝም።

ከሥር ግን ሰው ሁሉ የሳቅ ምልክት አድርጓል።

የውሃ መጥፋት ምኑ ያስቃል? ግራ ገባኝ።

ዳቦ ልገዛ እትዬ ብርቄ ሱቅ ሄድኩ።

«እንዴት አደሩ እትዬ?»

«ዳቦ አልቋል» አሉኝ። ዳቦው ከኋላቸው ተደርድሮ ያየኛል!

አፑ አስቸግሯቸው ይሆናል ብዬ «ስልክዎ ላይ ይቆማል እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን እቆማለሁ! ሃያ አራት ሰዓት ነው የምሠራው» አሉና መስኮቱን ዘጉት።

ሃያ አራት ሰዓት? ሱቁ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋ የለም እንዴ?

ፌርማታው ጋ ሽፈራውን አገኘሁት። የሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ ነው። «ሰላም ነው ሽፌ?» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«ነገ» አለኝ።

እጄ እንደተዘረጋ ቀረ፤ እሱ ታክሲ ውስጥ ገባ። የምን ነገ? ሰላምታ ቀጠሮ አለው?!

አሁን መደናገጥ ጀመርኩ። በቀጥታ ወደ ጋሽ ታደሰ ቤት። የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ የነገው ዋናው ሽማግሌዬም እሳቸው ናቸው። ጋሽ ታደሰን ለማታውቋቸው፦ የድንኳን ግዢ ስብሰባ ላይ የመክፈቻ ንግግራቸው ሳያልቅ ዝናብ ጀምሮ አባርቷል።

በር ላይ ቆመው አዩኝና «አልሄድም። ጨርሻለሁ» አሉ።

ይኸው ነው። ሁለት ቃል! እሳቸው በሁለት ቃል ሲጨርሱ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ያለ ሽማግሌ ምን ልሆን ነው? ራሴን ልልክ?

ይሄኔ ህይወት ደወለች።

«አንተ፣ ጤነኛ ነህ?»

«ምን አደረግሁ?»

«አባቴን ምን ብለህ ነው አፑ ላይ ያስቀመጥከው?»

«ምንም! ስማቸው ነው እንጂ!»

«ክፈተውና አንብበው። ጮክ ብለህ።»

ከፈትኩት። መንገድ መሃል ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«የህይወት አባት አታንሳ።»

…

ወገን፣ ዓይን ለካ የለመደውን አያይም! እኔ ጋሽ ደምሴን ሦስት ዓመት ሙሉ ስልኬ ላይ የማያቸው በዚህ ስም ነው። ጥንት ህይወት ስልኳ ተበላሽቶ አንድ ቀን በአባቷ ስልክ ደወለችልኝ። ድንገት እሳቸው ቢደውሉ እንዳልሳሳት ብዬ እንደዚያ መዘገብኩት። ከሳምንት በኋላ እውነትም ደወሉ። አላነሳሁም። ሰውዬው ክፉ ሆነው አይደለም እኮ፤ ፈርቼ ነው!

የቀሩትን ስሞች ለማየት ገጹን ወደ ታች ገፋሁት።

«እትዬ ብርቄ ኤፍኤም።»

«ሽፈራው ቧንቧ ነገ እመጣለሁ።»

«ጋሽ ታደሰ አያልቅባቸው።»

እስቲ ፍረዱኝ! ሰፈራችን ውስጥ ሦስት ታደሰ አለ። መለያ አያስፈልግም? የሰውን ሁሉ የአባት ስም ማን ያስታውሳል? እናንተስ ስልክ ላይ «ጎረቤቷ ሰላም»፣ «ጨቅጫቃዋ ሰላም» የሚል የለም? ዝም አትበሉኝ!

ወዲያው ቤት ገብቼ ስሞቹ ያሉበትን ዳታቤዝ ከፍቼ ሁሉንም በአሥር ደቂቃ አስተካከልኩ። ሰው አስቀድሞ ያነሳው ስክሪንሾት ግን ዳታቤዝ የለውም። አክስቴ ከወዲያኛው ሰፈር፣ ከሳንሱሲ ደውላ «ህይወት ማናት?» አለችኝ።

ሳንሱሲ ደርሷል በሉኝ!

አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ከምር አፈርኩ። ያቺ ልጅ ስንት ጊዜ «መቼ ነው?» ስትለኝ «ትንሽ ሥራ ልያዝ» እያልኩ ስጎትታት ኖሬ፣ የያዝኩት ሥራ አባቷን በሰፈር ፊት ማዋረድ ሆነ።

ስልኬ ጮኸ። «የህይወት አባት አታንሳ» ይላል። (ዳታቤዙን እንጂ ስልኬን አላስተካከልኩትም!)

አላነሳሁም።

እጅ ልማዱን አይተውም! ስልኩን እንደ ጥንቱ ገልብጬ አስቀመጥኩት። ደገሙ። አሁንም አላነሳሁም። በሦስተኛው ብድግ ብዬ፣ ቆሜ፣ አነሳሁ።

«ዛሬስ አነሳህ?» አሉኝ።

«አቤት ጋሼ… በጣም ይቅርታ…»

«የዛሬ ሦስት ዓመትም ደውዬልህ ነበር።»

«ያኔ… ኔትወርኩ…»

«ኔትወርክ አትበለኝ! ምክንያቱን በአደባባይ ጽፈኸዋል።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦

«ነገ ሽማግሌ ይመጣል የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጋሼ። ግን ጋሽ ታደሰ ቀሩብኝ።»

«ታደሰን አናግሬዋለሁ፤ ይመጣል። አንተ ግን ዛሬውኑ ሄደህ እግሩ ላይ ውደቅ። አሳጥር በለው ደግሞ፤ ምሳው እንዳይቀዘቅዝ። እኔ ስለዚህ ነገር ምንም አልሰማሁም። ነገ ነው የምሰማው።» ዘጉት።

ቆይ፣ ምንም ካልሰሙ ጋሽ ታደሰን ምን ብለው አናገሯቸው? ምሳስ አሉ አይደል? እምቢ የሚል ሰው ምሳ ያሠራል? እኔ ምኑም አልገባኝም፤ የገባው ይንገረኝ።

እግር ላይ ወድቄ መጥቻለሁ። ጋሽ ታደሰ ይቅር ብለውኛል። ይቅር ለማለት አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባቸው፤ እኔም ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ተንበርክኬ ሰማኋቸው። ሽፈራው ነገ ይቅር ይለኛል። እትዬ ብርቄ ስለ ይቅርታዬ ለሰፈሩ ሁሉ ነግረዋል።

ትምህርቱ ምንድን ነው? አፕ ከማውጣታችሁ በፊት የሌላ ሰው ዓይን ይየው። የእኔ ዓይን አያገለግልም።

ልተኛ ስል ህይወት መልእክት ላከችልኝ። አባቷ ሲደውሉልኝ አጠገባቸው ሆና ስክሪኑን አይታዋለች። ለካ እሳቸውም እሷ በስልካቸው ከደወለችልኝ ቀን ጀምሮ ቁጥሬን መዝግበው ይዘውታል።

«ምን ብለው?» አልኳት።

«ይሄኛው» ብላ ጻፈችልኝ።

ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቃት የሳቅ ምልክት ብቻ ላከችልኝ። ከዚያ ወዲህ መልስ የለም።

እሺ ወገን፣ እኔ ይሄኛው ነኝ። ያኛው ማነው?!