ሐይቅ የሚታይበት ክፍል

ሆቴል መራጭ ገጥሟችሁ ያውቃል? አዳሪ አላልኩም፤ መራጭ ነው ያልኩት። እኛ ሐይቅ ከተማ አንድ አለን። ጨርቅ ነጋዴው ጓደኛዬ ሰዒድ ፓስፖርት እንኳ የለውም፤ የአውሮፓን ባለ አምስት ኮከብ ሆቴሎች ግን እንደ ጎረቤት ሲያማ ይውላል። "የፓሪሱ አሳንሰሩ ጠባብ ነው፤ የሮሙ ፎጣው ይሻክራል" ይላችኋል። ማን ነገረው? ስልኩ ነዋ!

ባለፈው እሑድ ቤቱ አስጠራኝ። የሞት ሽረት ጉዳይ መስሎኝ ምሳዬን ትቼ ሄድኩ። ለካስ ጄኔቭ ካሉ ሁለት ሆቴሎች አንዱን መምረጥ አቅቶት ኖሯል።

"አንደኛው ረከስ ይላል" አለኝ ስልኩን እያሳየኝ። "የሁለተኛው ግን መስኮቱ ሐይቅ ያሳያል፤ ቁርሱም ቡፌ ነው። እኔ ሐይቅ የማይታይበት ክፍል ወላሂ አልተኛም!"

ሚስቱ ዘይነባ ሽንኩርት እየላጠች ትሰማ ነበር። "ቡፌማ እኛስ መች አጣን?" አለች፣ በቢላዋዋ ወደ ግድግዳው እያመለከተች።

ዞር አልኩ። ሰዒድ ለሠርጋቸው ያሠራው፣ ብርጭቆ የተደረደረበት ትልቁ ቡፌ ቆሟል። ከጀርባው መስኮት አለ። ከመስኮቱ ማዶ ሐይቃችን አለ፤ ቡፌው ከቆመ ወዲህ ግን ከዚህ ቤት ሆኖ ያየው የለም።

"ሰዒዴ" አለች ዘይነባ፣ "ይችን ቡፌ ፈቀቅ አድርግልኝና አንተ ጄኔቭ ሂድ። እኔ እዚሁ ሐይቅ እያየሁ እጠብቅሃለሁ።"

ሰዒድ ቡፌውን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ክብደቱን የገመተ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

"እሱስ የሮሙ ይሻላል" አለኝ። "ፎጣው ይለመዳል።"